ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም፦ የጎንደሩ ሰርቨርና አራቱ ሞደሞች

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የጥያቄና ምላሽ ክር ነው። ክሩን የከፈተችው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የእህል አቅራቢ ድርጅት የአይቲ ሥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ጽሑፏ ረጅም ነው። ግማሹ ብሶት፣ ግማሹ ጥያቄ። ቢሮው ውስጥ ዊንዶውስ 2000 የተጫነበት አሮጌ ሰርቨር፣ ማለትም የቅርንጫፎቹን ሒሳብ የሚቀበል ኮምፒውተር፣ አለ። አራት የውጭ ሞደሞች፣ ማለትም ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኙ መሣሪያዎች፣ ተሰክተውበታል፤ እያንዳንዱ ሞደም የራሱ መደበኛ የስልክ መስመር አለው። የደባርቅ፣ የዳባት፣ የቆላ ድባ፣ የአይከልና የአዘዞ ቅርንጫፎች በየቀኑ ይደውሉና የዕለቱን ሒሳብ ይልካሉ። ስንት ኩንታል ገብስ ገባ፣ ስንት ኩንታል ሽምብራ ወጣ፣ በስንት ብር። የሞባይል ዳታ ከመጣ ወዲህ ይህ ሁሉ ዕቃ መጋዘን ገብቶ አቧራ ሲጠጣ ነበር። ዳታው የሚጠፋበት ጊዜ እየረዘመ ሲሄድ ነው ተጠርጎ እንደገና ሥራ የጀመረው።

መጀመሪያ ላይ ደህና ሠራ። ሐምሌ ሲገባ ተበላሸ። አንዱ ቅርንጫፍ ሲደውል ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ሌላውን ያነሳለታል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ ይቋረጣል። አንዱን ደግሞ እስከ በሩ ድረስ ወስዶ አላስገባም ይለዋል። ልጅቷ የደረሰችበት መደምደሚያ ሞደሞቹ አርጅተው ሞተዋል የሚል ነው። ስለዚህ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሞደም ጎንደር ይገኛል ወይስ መርካቶ ሰው ልላክ?

ምላሽ 1 የቀልድ ነበር። ጸሐፊው አዲስ አበባ የሚኖር ይመስላል። ሞደሞቹን ፋሲል ግቢ ወስዳ ለቱሪስት እንድታሳያቸው መከራት፤ በዚህ ዘመን ሰው ወደ ሰርቨር ስልክ ይደውላል ብሎ ማመን እንዳቃተውም በሳቅ ምልክት አጅቦ ጻፈ። ምላሽ 2 ወዲያው ተከተለው። የደባርቅ ልጅ ነው፣ ምንም አልሳቀም። ዳታ ሲጠፋ የሚቀረው ያው ባለገመዱ ስልክ እንደሆነ፣ እህሉን ያስረከበው ገበሬም ሒሳቡን ነገ ዛሬ እየተባለ መጠበቅ እንደማይችል ነገረው። ኑሮውን ሳያዩ መሳቅ ቀላል ነው ብሎም ዘጋው። የምላሽ 1 ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ክሩ ላይ አልታየም።

ምላሽ 3 ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ምላሽ ቀድሞ ቢሰማ ኖሮ የክሩ ግማሽ ባልተጻፈ ነበር። ሰውዬው እህቴ ብሎ በትሕትና ይጀምርና ምንም ነገር እንዳትገዛ ይለምናታል። የነገረችን አንድ በሽታ ሳይሆን ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው ይላል። አንድ ጥሪ ሰርቨር ላይ እስኪገባ ብዙ ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ የመስመሩ ድምፅ መኖር አለበት። ቁጥሩ ይደወላል፣ ወዲያ ማዶ ይጠራል፣ ይነሳል። ከዚያ ሁለቱ ሞደሞች እየተንጫጩ በስንት ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ይዋዋላሉ። ከዚያ ፒፒፒ የሚባለው የሁለቱ ኮምፒውተሮች መነጋገሪያ ስምምነት ይጀመራል፣ ስምና ፓስወርድ ይጠየቃል። በመጨረሻ ደዋዩ አድራሻ ይሰጠዋል። ዊንዶውስ ደግሞ ጥሪው ከየትኛው ደረጃ እንደወደቀ በቁጥር ይናገራል። 680 ከሆነ መስመሩ ድምፅ የለውም። 676 መስመሩ ተይዟል። 678 ያነሳ የለም። 691 ስሙ ወይም ፓስወርዱ ተቀባይነት አላገኘም። 721 ከሆነ ሞደሞቹ ተገናኝተዋል፣ ወዲያ ያለው ኮምፒውተር ግን መልስ አልሰጠም። ስለዚህ የፈለገው አንድ ወረቀት ነው፤ የትኛው ቅርንጫፍ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ቁጥር አየ። ይኸው ነው። ያልተመለሰ ጥያቄ ሆኖ ግን ለጊዜው ታለፈ።

የታለፈው ምላሽ 4 ስለመጣ ነው። ጸሐፊው ስለ ክረምት ጻፈ፣ ሰዉ ሁሉ ክረምትን ያውቃል፣ ወሬው ወደዚያ ሄደ። የስልክ ገመድ መገጣጠሚያ ሳጥን ውስጥ ውኃ ገብቶ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መስመሩ ደህና ሆኖ፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ እንደገና ሲያንሿሿ በዓይኑ ያየውን ተረከ። መፈተሻም ሰጠ። ስልኩን አንሺ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኚ፣ የመስመሩ ድምፅ ይቆማል፣ ያኔ ጆሮሽን ሰጥተሽ ስሚ። ጸጥ ካለ መስመሩ ንጹሕ ነው። ሽሽሽ ካለ ወይም ከተንጣጣ ግን ሰው በዚያ መስመር ላይ ተመችቶት ቢያወራ እንኳ ሞደም አይችለውም። መፈተሻው ጥሩ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ምላሽ 5 ግን ሳያዝንለት አረመው። ስልኩ ከጠራ መስመሩ ደርሷል፤ የረጠበ ገመድ መንጫጫቱን ያበላሻል እንጂ ሰርቨሩን ስልክ አታንሳ አይለውም። ነገሩ እውነት ነው፤ አነጋገሩ ግን ሻካራ ነበር። ባለ ምላሽ 4 ተቆጣና በምላሽ 6 ተመልሶ መጣ። አራሚው ሳይወለድ ጀምሮ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ገመድ ሲቀጥል እንደኖረ አስታወሰው።

በምላሽ 7 ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም አመሰገነች፣ ባለ ምላሽ 4ን ጋሼ ብላ አለዘበችው፣ ከዚያ ወረቀቷን አወጣች። ደባርቅና ዳባት ማታ ሲደውሉ 678 ያያሉ። ቆላ ድባ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ይደውላል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ይገባል፣ ፍጥነቱ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ይቆራረጣልም። አይከል 646 ያያል። አዘዞ ረጅም ጊዜ ተንጫጭቶ ይቋረጣል። የሞደሞቹን ፎቶም አያያዘች። መጀመሪያ ፎቶውን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ምላሽ 8 ስለ 678 ነው፣ የሚያውቅ ሰው ጽሑፍ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሞደሙ በራሱ ስልክ አያነሳም። ጥሪ ሲመጣ ሪንግ የሚል መልእክት ከሰርቨሩ ጋር በሚያገናኘው በሲሪያል ገመዱ ለሰርቨሩ ይልካል። ሰርቨሩ ኤቲኤ፣ ማለትም አንሳ፣ ብሎ ያዘዋል፣ ያኔ ይነሳል። ስለዚህ ይጠራል አይነሳም ማለት ከነዚህ አንዱ ነው፦ ሞደሙ ጥሪውን አልሰማም፣ ሰምቶ ለሰርቨሩ መንገር አልቻለም፣ ወይም ሰርቨሩ ፖርቱን፣ ማለትም ሞደሙ የተሰካበትን መግቢያ፣ አልያዘውም። ለመጨረሻው ዋናው ተጠርጣሪ የፋክስ ፕሮግራም ነው፤ ቀድሞ ፖርቱን ከያዘ አይለቅም። ከፊት ያሉትን መብራቶች እንድታይ ነገራት። ኤምአር ሞደሙ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ቲአር ሰርቨሩ ፖርቱን ከፍቶ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ኤኤ ስልክ ሲጠራ ብልጭ ይላል። ከዚያም የመደወያ አገልግሎቱን ለጊዜው አቁማ፣ የሞደሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብታ የመጠየቂያውን ቁልፍ ስትጫን ሞደሙ ስሙንና ዓይነቱን መመለስ እንዳለበት፣ ካልመለሰ ጉዳዩ ከስልክ መስመሩ ጋር እንደማይገናኝ አስረዳ። እዚያው የሞደም መዝገብ ማስቀመጫዋን ምልክት ካደረገች ሰርቨሩ ከሞደሙ ጋር የተባባለው ሁሉ ዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ በጽሑፍ ይቀመጥላታል።

ምላሽ 9 ይህን ሁሉ ድካም አልወደደውም። ኤስ0=1 የሚል ትእዛዝ ለሞደሙ ሰጥቶ ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ራሱ እንዲያነሳ ማድረግ በቂ እንደሆነ፣ እሱም ለዓመታት እንዲህ ሲሠራ እንደኖረ ጻፈ። ባለ ምላሽ 8 በምላሽ 10 ተመልሶ እንዲህ ያለ ምክር ሰው ያሳስታል አለው። ሞደሙ ራሱ ሲያነሳ ሰርቨሩ ምንም አያውቅም፤ ደዋዩ ጫጫታ ይሰማል፣ የስልክ ሒሳቡ ይቆጥራል፣ የሚያስገባው ግን የለም። እኔም ከምላሽ 10 ጋር ነኝ። ነገር ግን የምላሽ 9 ዘዴ ለፍተሻ ይጠቅማል፤ ሞደሙ በራሱ ካነሳ ቢያንስ የስልኩ ወገን በሕይወት እንዳለ ይታወቃል። ይህን ያለ ግን አልነበረም፤ ሁለቱም እልህ ውስጥ ገብተው ነበር።

ምላሽ 11ና 12ን በአጭሩ ልለፋቸው። አንደኛው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጭናችሁ ኤምጌቲ የሚባለውን ጥሪ ተቀባይ ፕሮግራም ብትጠቀሙ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አለ። ሌላው ዊንዶውስ 2000 ከማይክሮሶፍት ድጋፍ ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ስንት ዓመት እንዳለፈ ቆጠረ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ማታ ሒሳቡን ለሚጠብቀው ገበሬ ግን ሁለቱም አይጠቅሙትም።

ምላሽ 13 ክሩን የቀየረው ነው። የጻፉት በስልክ ሥራ ላይ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። ስለ ሞደም ብዙ እንደማያውቁ፣ ስለ ማዞሪያ፣ ማለትም ጥሪን ወደ መስመሩ ስለሚመራው የስልክ ጣቢያ፣ ግን እንደሚያውቁ ተናገሩና አንድ ጥያቄ አቀረቡ፦ ቅርንጫፎቹ የሚደውሉት ለየራሳቸው ቁጥር ነው ወይስ ሁሉም ለአንድ ዋና ቁጥር? ዋና ቁጥር ሲኖር ማዞሪያው ከመጀመሪያው መስመር ይጀምራል። ክፍት ከሆነ ጥሪውን እዚያ ይሰጣል፤ ከተያዘ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ያልፋል። ማዞሪያው የሚያውቀው የተያዘና ያልተያዘ መስመር ብቻ ነው። ጫፉ ላይ የተሰካው ሞደም ይሥራ ይሙት አያውቅም። እንግዲህ የመጀመሪያው መስመር ሞደም ከሞተ መስመሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ጥሪው ሁሉ እዚያ ይገባል፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያልቃል። ጤነኞቹ ሞደሞች አጠገቡ ተቀምጠው ያያሉ።

ከዚያ ማንም ያላየውን አዩ። ቆላ ድባ በ9 ሰዓት ለምን ይገባለታል? በዚያ ሰዓት የሒሳብ ሠራተኛዋ በዚያው በመጀመሪያው መስመር ስልክ ታወራ እንደሆነ ጠየቁ። ስልኩ ከሞደሙ ጀርባ ተሰክቶ ከሆነ ሞደሙ ቢሞትም ስልኩ ይሠራል። እሷ ስታወራ መስመሩ ይያዛል፣ ጥሪው ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ ቆላ ድባ ይገባል። ማታ እሷ ቤቷ ትሄዳለች፣ ደባርቅና ዳባት የሞተው ሞደም ላይ ይወድቃሉ።

እኔ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሰውዬው አንዱንም ሞደም ሳያዩ፣ ከአንድ ወረቀት ላይ ብቻ! መፍትሔም ሰጡ፣ ያውም ሁለት። አንደኛ፣ ከሞባይል ለአራቱም መስመሮች በየራሳቸው ቁጥር ደውላ የትኛው እንደማያነሳ እንድትለይ። ሁለተኛ፣ እስኪጠገን ድረስ ማታ ስትወጣ የመጀመሪያውን መስመር እጀታ አንስታ ጠረጴዛ ላይ እንድታስቀምጠው። ማዞሪያው ተይዟል ብሎ ያልፈዋል።

ምላሽ 14 የእሷ ነው፤ ከደስታዋ ብዛት ፊደል እየገደፈች ነው የጻፈችው። ልክ እሳቸው እንዳሉት ነበር። አይከልና አዘዞ ድሮ የተሰጣቸውን የሦስተኛውንና የአራተኛውን መስመር ቁጥር ነው የሚደውሉት፤ ደባርቅ፣ ዳባትና ቆላ ድባ ግን ዋናውን። አንደኛው መስመር አያነሳም። እጀታውን አንስታ ስታስቀምጥ ደባርቅ በመጀመሪያው ጥሪ ገባ። ግራ የገባት ነገር ግን አለ፤ የዚያ ሞደም መብራቶች ሁሉ ይበራሉ፣ ስልክ ሲጠራም ኤኤ ብልጭ ይላል። ታዲያ በምን ሞተ ይባላል? የመጠየቂያው ቁልፍ ሲጫን ግን ዝም ነው።

መልሱ ምላሽ 15 ላይ ነው፤ ከፎቶው የተገኘ። አንድ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል የሚማር፣ ፎቶውን አስፍቶ አየው። ሦስቱ ሞደሞች ወፍራምና ከባድ አዳፕተር አላቸው፣ የመጀመሪያው ግን ቀጭን የራውተር አዳፕተር ነው የተሰካበት። ቀዳዳው ስለገጠመ ሰክተውታል። ልጁ ነገሩን አብራርቶ ጻፈው። ከድሮ የውጭ ሞደሞች ብዙዎቹ አዳፕተራቸው ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ተለዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ አይቀይርም። ሞደሙ ከተለዋጩ ጅረት ላይ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ቮልት ለራሱ ያወጣል። ሲሪያል ገመድ ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አንዱ እንደ ዜሮ፣ ሌላው እንደ አንድ ይነበባል። የራውተሩ አዳፕተር የሚሰጠው ቀጥተኛ ጅረት ስለሆነ ሞደሙ ግማሹን ብቻ ያገኛል። መብራቱ ይበራል፣ ጥሪውንም ይሰማል፣ ለሰርቨሩ የሚናገርበት አንደበት ግን የለውም።

በምላሽ 16 እንደጻፈችው ሐምሌ ላይ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የመጀመሪያው አዳፕተር ተቃጥሎ፣ ጥበቃው ካርቶን ውስጥ ያገኘውን ሰክቶ ነበር። የጤነኞቹን አዳፕተር ጀርባ አነበበች፣ 9 ቮልት ተለዋጭ ይላል። አራዳ ካለ ራዲዮ ጠጋኝ ትራንስፎርመር ገዛች። ሞደሙ ተነሳ። ባለ ምላሽ 8 እዚህ ላይ አንድ ምክር ጨመረ፤ ሰርቨሩ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ሞደሞቹ ተራ ዲቫይደር ላይ ከሆኑ፣ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ሞደሞቹ የተነገራቸውን ሁሉ ረስተው ይነሳሉ፣ ሰርቨሩ ግን እንደሚያስታውሱ ያስባል። ሁሉንም አንድ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ነው። ይህ ምላሽ 17 ነው። ባለ ምላሽ 4ም ጣልቃ ገብቶ፣ መብረቅ ሲያጉረመርም የስልክ ገመዱንም መንቀል እንጂ የመብራቱን ብቻ መንቀል ዋጋ እንደሌለው ነገራት። ጎንደር ላይ ነሐሴን ያሳለፈ ሰው ይህን አይከራከርም።

ቀረ አይከል። 646። ብዙዎች ከ691 ጋር አምታተውት ፓስወርዱን ቀይሪው ይሏት ነበር። ምላሽ 19 ግን እነዚህን ቁጥሮች አንድ በአንድ ለያቸው። 647 መለያው ተዘግቷል። 648 ፓስወርዱ ጊዜው አልፏል። 649 መደወል አልተፈቀደለትም። 646 ደግሞ በዚህ ሰዓት መግባት አልተፈቀደለትም ነው። ሰርቨሩ ላይ ኔት ዩዘር የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታ የአይከልን መለያ ስታወጣ የተፈቀደለትን ሰዓት እንደምታይ ነገራት። አየችው። ከ12 እስከ 3 ይላል። ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ አይከል ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ይደውል ብሎ እንዳለ ጽፎታል። ሰርቨሩ ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያነበው፤ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ሆነለት። የአይከሉ ሰው ማታ በትጋት ይደውላል፣ ሰርቨሩም በትጋት ይመልሰዋል። ወደ 18 እና 21 ሲቀየር ገባ።

ከምላሽ 20 እስከ 23 ያለው ከመንገድ የወጣ ጨዋታ ነው። ሰዉ ሁሉ በሁለቱ ሰዓት የደረሰበትን ማውራት ጀመረ። አንዱ ለአውሮፕላን አዘዞ በስድስት ሰዓት ልዩነት ደርሶ በሩ ላይ ከጥበቃው ጋር ሲከራከር ውሏል። ሌላው ስልኩ ላይ የሞላው ማንቂያ ሌሊት ቀስቅሶት የሰፈር ውሻ ሲጮህበት ብቻውን ታክሲ ጠብቋል። አንድ ሰው ደግሞ ስለ ዱሮ ዘመን አነሳ። ኢንተርኔት አገራችን በ1989 ዓ.ም. ሲገባ ሰው የሚያገኘው በዚሁ በስልክ መደወያ እንደነበር፣ ከዚያም በፊት አዲስ አበባ ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ፕሮጀክት በሞደም ኢሜይል ያመላልስ እንደነበር አስታወሰ። ጥሩ ወሬ ነው፤ ሰርቨሩን ግን አልጠቀመውም።

ምላሽ 24 ወደ ጉዳዩ ሲመልሰን በተሳሳተ በር ነበር። የቆላ ድባ ቀርፋፋነት የሚፈታው ሞደሞቹን በ56 ኪሎቢት ላይ በማስገደድ ነው፣ ካርቶናቸው ላይ 56 ይላል አይደል? አለ። ምላሽ 25 በቁጣ ነው የመለሰው፤ ቁጣው በዛ እንጂ ነገሩ ትክክል ነው። 56 ኪሎቢት የሚባለው የሞደም ደረጃ፣ ቪ.90፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ አንዱ ወገን፣ ማለትም አገልግሎት ሰጪው፣ በዲጂታል መስመር በቀጥታ ከማዞሪያው ጋር እንዲገናኝ ታስቦ ነው። ሁለት ተራ ሞደሞች በሁለት ተራ መስመር ሲገናኙ በተሻለው ቀን 33.6 ኪሎቢት ነው ጣሪያው። ሰርቨሯ ጋ ያሉት ተራ ሞደሞች ናቸው። ስለዚህ 56 እዚያ ቢሮ ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

እንዲያውም ባለ ምላሽ 25 የመከረው ተቃራኒውን ነው፤ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ። በረጠበ መስመር ላይ ሞደሞቹ ከፍ ባለ ፍጥነት ይዋዋላሉ፣ ከዚያ ጫጫታው ሲመጣ እንደገና ይዋዋላሉ፣ ጊዜው በድርድር ያልቃል። በሴኮንድ 9600 ቢት ላይ ቢታሰሩ በሴኮንድ አንድ ኪሎባይት ያህል ያሳልፋሉ። የቅርንጫፉ ሪፖርት 20 ኪሎባይት ከሆነ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ሌላም አለ፤ ኤስ10 የሚባለው ማስተካከያ። ድምፁ ለቅጽበት ሲጠፋ ሞደሙ ለምን ያህል ጊዜ ታግሦ እንደሚዘጋ የሚወስነው እሱ ነው። አብዛኛው ሞደም ላይ 14 ነው፣ ማለትም 1.4 ሴኮንድ። ወደ 50 ከፍ ሲል አምስት ሴኮንድ ይታገሣል። ጠያቂዋ ሁለቱንም አደረገች፤ ቆላ ድባ መቆራረጡን ተወ።

ምላሽ 26 ላይ አንድ ሰው ይህ ሁሉ ጅልነት ነው፣ ሪፖርቱን በኤስኤምኤስ ላኩት ብሎ ተሳደበ። ሐሳቡ እንደ ስድቡ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ በአማርኛ ሲጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ መሆኑ ነው፤ ይህን የደባርቁ ልጅ በምላሽ 27 ነገረው፣ ከነስድቡ መልሶ። የክሩ አስተዳዳሪ እዚህ ላይ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

የመጨረሻው እንቆቅልሽ አዘዞ ነበር። ከሁሉም ቅርብ ያለው፣ ከተማው ውስጥ የሚቆጠረው ቅርንጫፍ ነው ከሁሉም የከፋው። ፍጥነቱ ዝቅ ተደረገ፣ ኤስ10 ከፍ ተደረገ፣ መስመሩ በጆሮ ሲሰማ ጸጥ ያለ ነው። ይንጫጫል፣ ይንጫጫል፣ ይቋረጣል። ጡረተኛው አባት ተመልሰው በምላሽ 29 አንድ ነገር ጠየቁ፤ ቅርንጫፉ ቤት ቀይሯል ወይ? ቀይሯል። አዲስ ሕንፃ ገብቷል። ስልኩስ የተሰካው ግድግዳው ላይ ነው ወይስ ሳጥን ላይ? ሳጥን ላይ። ፋይበር ነው።

እሳቸው ገለጹት። በመዳብ ገመድ ላይ ድምፁ እስከ ማዞሪያው እንዳለ ይሄዳል። በፋይበሩ ሳጥን ላይ ግን ድምፁ እዚያው ተቆራርጦ በጥቅል በጥቅል ይላካል። መሣሪያው የሰው ንግግር ነው ብሎ ስለሚያስብ ቦታ ለመቆጠብ ሊያጨምቀው ይችላል፣ ማሚቶውን ያጠፋል፣ አንድ ጥቅል ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ በግምት ይሞላዋል። የሰው ጆሮ ይህን አያስተውልም፤ እንዲያውም ድምፁ ጠርቷል ይላል። ሞደም ግን የሚኖረው በእነዚያ በተጣሉት ጥቃቅን ነገሮች ላይ ነው። ድምፁ ካልተጨመቀ በዝቅተኛ ፍጥነት ሊሞከር ይችላል፣ ከተጨመቀ ግን ልፋት ነው። መጀመሪያ 9600፣ ከዚያ 4800፣ ከዚያ 2400 ሞክሪ አሏት። ሞከረች። 2400 ላይ አንድ ቀን ሠራ፣ በማግስቱ እምቢ አለ።

ምላሽ 31 ላይ አንድ ሰው ፋይበር ካለ ታዲያ ለምን ይደውላሉ፣ ኢንተርኔቱን አይጠቀሙም ወይ ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቀድሞ ሊጠየቅ ይገባ ነበር። ቅርንጫፉ የተዋዋለው ለስልክ ብቻ ነው፣ ለኢንተርኔቱ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ መጻፍ አለበት፣ ደብዳቤው ደግሞ በየፊርማው እየዞረ ነው። በዚህ መሐል የአዘዞው ልጅ ማታ ማታ ሪፖርቱን በፍላሽ ይዞ በባጃጅ ፒያሳ ይመጣል፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚገባው ሪፖርትም የእሱ ሆኗል። ምላሽ 33 ፍላሹ ቫይረስ እንዳያመጣባት፣ ዊንዶውስ 2000 ላይ የሚሠራ አዲስ አንቲቫይረስ እንደሌለ አስጠነቀቃት። ምላሽ 34 መጀመሪያ ሊኑክስ ያለበት ላፕቶፕ ላይ እንድትከፍተው መከራት። የሊኑክሱ ሰው ይህን ሲያይ ከምላሽ 11 ጀምሮ ያለውን ጠብ እንደገና ቀሰቀሰው፤ እስካሁን እየተሰዳደቡ ነው።